ደቦው የማን ነው?

ባለፈው ዕትም በዚችው መጽሔት ላይ አንድ ወንድማችን ፕሮግራም በኮሚቴ አይወጣም ብሎ ጽፏል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናድጄ፣ ቀጥሎ ደግሞ ራሴን እያየሁበት። እሱ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፤ የመጻሕፍት አፍቃሪዎች ቀናችን ዘንድሮ እንዲሳካ ከተፈለገ ፕሮግራሙን ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው ይያዘው፤ የቀረው ሰው ወንበር ይደርድር፣ ድምፅ ማጉያ ይከራይ፣ ሻይ ያፍላ። ሥራ መካፈል ማለት ይኸው ነው ባይ ነው። ስምንት ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጦ ግጥሙ ይቅደም ወይስ ውይይቱ እያለ ማታውን ሙሉ ሲጨቃጨቅ ማየትም እጅግ ያሳቀው ይመስላል።

እውነቱን ለመናገር እኔንም ያስቀኛል። በዚያ ክብ ውስጥ ነበርኩና።

ይሁን እንጂ ሐሳቡ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ነገሩ የወንበርና የሻይ ነገር ቢሆን ኖሮ ወረቀት ባላበላሸሁ። ማን ይናገር፣ ማን ያዳምጥ፣ ማን ደግሞ ደብተሩን እንደታቀፈ ተመልሶ ይሂድ የሚለው ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ አንድ ሰው፣ ቅን ሰውም ቢሆን፣ ዶርም አልጋው ላይ ተጋድሞ ሊወስነው አይገባም።

ከሁሉ በፊት ግን ግለ ሂስ ላድርግ። ባለፈው ዓመት አልጋው ላይ ተጋድሞ የወሰነው ሰው እኔ ነኝ።

ማንም አልሾመኝም። እንዲህ ነው የሆነው። በመጀመሪያው ስብሰባ 14 ሰው መጣ። ሁሉም ሐሳብ ነበረው፤ ሐሳብ እንደሆነ በግቢያችን ርካሽ ነው። በሁለተኛው 6 ሰው መጣ። በሦስተኛው 3፣ ከሦስታችንም አንዷ ፈተና አለብኝ ብላ ቀድማ ወጣች። ያን ጊዜ «ተዉት በቃ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኩ። ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ። ስትነገር የመሥዋዕትነት ቃል ትመስላለች። ሰሚው እፎይ ይላል፣ ተናጋሪው ከፍ ይላል። ከዚያ ወዲያ ግን ያ ሰው ጠያቂ የለውም። ማን ይጠይቀዋል? ጥለውት የሄዱት?

ወረቀት አስምሬ ወደ ታች ሰዓቱን፣ ወደ ጎን ሁለቱን አዳራሾች ጻፍኩ። ከጠዋቱ 3 እስከ ማታ 11 ሰዓት፣ የምሳው አንድ ሰዓት ሲቀነስ 7 ሰዓት በሁለት አዳራሽ፣ 14 ባዶ ሣጥን። ይህን ሥራ ያልሞከረ ሰው ቀላል ይመስለዋል። እስቲ ይሞክረው! ገጣሚው ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ስለሚሳፈር የሚገኘው እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው። ስለ ትርጉም የሚወያዩትና ስለ ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚወያዩት አዳማጫቸው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ በአንድ ሰዓት በሁለት አዳራሽ ብታስቀምጣቸው ግማሹ ሰው ያዝናል። አንዱን ውይይት መሪ ሳላውቅ ሁለት ቦታ አስገብቼው ነበር፤ ሰውዬው ለሁለት ካልተሰነጠቀ በቀር አይሆንም። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት የእንቅልፍ ሰዓት ነውና እዚያ የምታስገባው ሰው ወይ በጣም ጎበዝ ወይ በጣም ጠላትህ መሆን አለበት። ነገሩ እንደ ገበጣ ነው። አንዷን ጠጠር ስታነሣ አራት ጉድጓድ ይናወጣል። ሌሊቱን ሳነሣና ስጥል አደርኩ።

ታዲያ ደስ ይል ነበር። ይህንንም ልናዘዝ። ካፌ ስገባ ሻይ የሚጋብዘኝ በዛ። «ስሜን እንዳትረሳ» ይለኛል አንዱ፤ ሌላው ምንም ሳይለኝ ሒሳቡን ይከፍላል። ሥልጣን ማለት እንዲህ ትንሽ ነገር ናት፤ ባለሁለት ብርጭቆ ሻይ። ከ14ቱ ሣጥኖች 9ኙን የሞላኋቸው አብሬያቸው ሻይ በምጠጣ ሰዎች እንደነበር የቆጠርኩት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። በተንኮል አልነበረም። የማውቃቸውን ጻፍኩ። ሌላ የማላውቃቸውን ከየት አምጥቼ ልጽፍ?

አንድ የአንደኛ ዓመት ልጅ ነበር። የጻፍኩት ታሪክ አለ ብሎ በሌላ ሰው በኩል ስሙን ላከልኝ። ታሪኩ የሚጀምረው የጣና ውሃ በአንድ ሌሊት ጠፍቶ ሲያድርና በማግሥቱ የደሴቶቹ መነኮሳት በእግራቸው ወደ ባሕር ዳር ሲመጡ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ ልጁን አላውቀውም፤ ታሪኩንም አላነበብኩም፤ የማንበቢያ ጊዜም አልነበረኝም፤ ፕሮግራሙን ብቻዬን ነበር የማወጣው። ስለዚህ በመጨረሻው ሣጥን፣ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ካስገባኋቸው ሦስት አንባቢዎች ሦስተኛ አደረግሁት። ከሱ በፊት ያለው ወዳጄ (አዎን፣ የሻይ ወዳጄ) የተመደበለትን 20 ደቂቃ 40 አደረገው። 11 ሰዓት ሲል ጥበቃው በሩ ላይ ቆመው ቁልፋቸውን ማንቀጭቀጭ ጀመሩ። ልጁ ደብተሩን ዘጋ። ይቅርታ ልጠይቀው ጠጋ ስል «ችግር የለም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በአንድም የንባብ ምሽት ላይ አላየሁትም።

ወንድማችን ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው ሲል እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ማለቱ ነው። ሥራውን አውቀው ነበር እኮ! ሠንጠረዤ አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

ይህ የግቢያችን በሽታ ብቻ መስሎኝ ነበር። አይደለም። የመጻሕፍት አፍቃሪዎች ተሰብስበው በራሳቸው ጉልበትና በራሳቸው ሳንቲም ጉባዔ ማድረግን ከማንም ይልቅ የተካኑበት የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ወዳጆች ናቸው። ወርልድኮን የሚባለው ጉባዔያቸው እ.ኤ.አ. በ1939 በሐምሌ ወር መጀመሪያ በኒውዮርክ ተጀመረ። ሁለት መቶ ያህል ሰው ነበር የተገኘው። አዘጋጆቹም ልጆች ነበሩ፤ ከሦስቱ መሪዎች አንዱ የነበረው ሳም ሞስኮዊትዝ ገና 19 ዓመቱ ነበር። እኛን ያካክላል ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን ታዲያ በምን ተከፈተ? በር ላይ ሰው በመመለስ። ፊውቸሪያንስ ከሚባለው ተቀናቃኝ ቡድን 6 ወጣቶች እንዳይገቡ ተከለከሉ። ዶናልድ ዎልሃይም፣ ፍሬድሪክ ፖል፣ ሲሪል ኮርንብሉዝ፣ ሮበርት ላውንዴስ፣ ጆን ሚሼልና ጃክ ጊልስፒ። ኮርንብሉዝ ገና 16 ዓመቱ ነበር።

የአዘጋጆቹ ሥጋት ጨርሶ መሠረት አልነበረውም አልልም። አዘጋጆቹን አምባገነኖች እያለ የሚከስ በራሪ ጽሑፍ እዚያው ተገኝቶ ነበር። የሚያስቀው ግን ጽሑፉን የጻፈው ዴቭ ካይል በሰላም ገብቶ መቀመጡ ነው! በር ጠባቂነት ምንጊዜም እንዲህ ነው፤ የሚፈልገውን አይዝም፣ የያዘውን አያውቅም። ከተመለሱት መካከል ዎልሃይምና ፖል በኋላ በዚያ የጽሑፍ ዘርፍ ከታወቁት አዘጋጆችና አሳታሚዎች ተርታ ገቡ። ሰዎቹ በሌላ በር ገቡ ማለት ነው። የእኛው የጣና ልጅ ሌላ በር ያገኝ እንደሆነ እንጃ።

ያ የልጅነት ጠብ ነው ተብሎ ይታለፍ። ወደ ቅርቡ እንምጣ። ወርልድኮን ዛሬ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚገኝበት፣ በየዓመቱ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞር ጉባዔ ነው። የሚሠራው ደመወዝ በማይከፈለው በጎ ፈቃደኛ ነው። የሚቀጥለው ጉባዔ የት ይሁን የሚለውን የሚወስኑት በድምፃቸው አባላቱ ናቸው። ፕሮግራሙ እንደኛው 14 ሣጥን አይደለም፤ በብዙ አዳራሾች ለቀናት የሚዘልቅ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ውይይትና ንባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ተረኛዋ ከተማ ሳን ሆዜ ነበረች። ጉባዔው በነሐሴ አጋማሽ ሊከፈት ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ሲቀረው የፕሮግራሙ ረቂቅ ወጣ። ጉድ ፈላ! በዚያው ጉባዔ ላይ ለሚሰጠው ለሁጎ ሽልማት ከታጩት መካከል አዲስ የሆኑ ደራሲዎች በፕሮግራሙ ውስጥ የሉም። ለዓመቱ ምርጥነት በአባላቱ ታጭተዋል፤ መናገሪያ ወንበር ግን የላቸውም። የታወቁት ስሞች ግን እዚህም እዚያም ተደጋግመዋል።

እዚህ ላይ ወንድማችን ስለ ጥራት የጻፈው ትዝ ይለኛል። ኮሚቴ ጥራት ይገድላል፣ ምርጡን የሚለይ አንድ የሠለጠነ ዓይን ነው ይላል። ሳን ሆዜ ላይ ያ ዓይን ሳያይ ያለፈው እኮ መካከለኛውን አይደለም፤ ለምርጥነት የታጨውን ነው። ፕሮግራሙን ያወጡት ሰዎች ሰነፎች ወይም ክፉዎች ነበሩ ብዬ አላምንም። ለወራት እንቅልፍ አጥተው የሠሩ ይመስለኛል። ግን ጥቂት ሰው የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። የቀረው ለሱ የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እኔን የማረከኝ። የጉባዔው ሊቀመንበር ኬቪን ሮች በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ፤ ፕሮግራሙንም አፍርሰን እንደ አዲስ እንሠራዋለን አለ። ከታወቁት ደራሲዎች አንዳንዶቹ ቦታችንን ለአዲሶቹ ስጡልን አሉ። ደራሲዋ ሜሪ ሮቢኔት ኮዋል ላግዛችሁ ብላ ገባች፤ ሌሎችንም ሰብስባ ሠንጠረዡን ፈትተው ገጠሙት። ይህ ሁሉ ሲሆን የቀረው ጊዜ የሚቆጠር ቀን ነበር። በኮሚቴ አይሠራም የተባለው ነገር በጥድፊያ፣ በብዙ እጅ፣ ተሠራ። ኮዋል ከሦስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ዋሽንግተን ላይ የተካሄደውን ወርልድኮን በሊቀመንበርነት መርታለች።

ታዲያ ጭንቁ ሳይመጣ ከመጀመሪያው ተካፍሎ መሥራት አይቻልም? ይቻላል፤ ያደረጉትም አሉ። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በማዲሰን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1977 ዊስኮን የሚባል ጉባዔ ተጀመረ፤ የሴቶችን ጥያቄ ከሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጋር አያይዞ የተነሣ ነው። እዚያ የውይይት ርዕስ ከኮሚቴው ኪስ አይወጣም ነበር። ማንም ሰው ይህ ቢነሣ ብሎ ይጽፍ ነበር። የተጻፈው ሁሉ ተሰብስቦ ይዘረዘርና መልሶ ለሕዝቡ ይቀርብ ነበር፤ ይህን ለመስማት እመጣለሁ፣ በዚህ ላይ ልናገር እፈልጋለሁ፣ ይህን ውይይት ልመራ እችላለሁ እያለ እያንዳንዱ ምልክት ያደርግ ነበር። ኮሚቴው ከዚያ በኋላ ነበር ሠንጠረዡን የሚገጥመው። ልዩነቱን አያችሁት? ገበጣውን የሚጫወተው ጥቂት ሰው ነው፤ ጠጠሮቹን ያመጣቸው ግን ሕዝቡ ነው።

የወንድማችን ስሕተት ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሁለት ሥራ አንድ ላይ አደባልቋል። ምን ይቅረብ ማለትና የቀረበው በስንት ሰዓት ይሁን ማለት አንድ አይደለም። ሁለተኛው በርግጥ የአንድ ወይም የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ ስምንት ሰው አንድ ሠንጠረዥ ላይ ቢረባረብ ወረቀቱ ይቀደዳል እንጂ አይሞላም። በዚህስ እስማማለሁ። ለዚህ ብሎ ግን የመጀመሪያውንም አብሮ ለአንድ ሰው ማሸከም፣ በሬ ለማረድ አንድ ቢላዋ ይበቃል ተብሎ ሥጋውን ሁሉ ለባለ ቢላዋው እንደ መስጠት ነው።

ቶኪዮ ውስጥ ደግሞ ኮሚኬት የሚባል አለ፤ ሰዎች ራሳቸው ያሳተሙትን የሥዕል ታሪክና ጽሑፍ የሚሸጡበት ገበያም ጉባዔም ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1975 ሲጀመር 32 ቡድንና 700 ያህል ሰው ነበር። በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚጎርፍበት ሆኗል። እዚያ አንድ ደንብ አለ፤ ደንበኛ የሚባል ሰው የለም። የሚያስተናግደውም፣ የሚሸጠውም፣ ሊገዛ የመጣውም ሁሉም ተሳታፊ ይባላል። የቃል ጨዋታ ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን አይመስለኝም። እኛ ባለፈው ዓመት በበሩ ላይ «እንግዶች» የሚል ወረቀት ነበር የለጠፍነው። እንግዳ የሆነ ሰው ደግሞ ሲቀርብለት ይበላል፣ ሳይቀርብለት ሲቀር ያማል።

ወደ ሐሜቱ ልመጣ ነው፤ አንባቢ ሆይ፣ ወዳንተ ማለቴ ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ከነበሩት 14 ሰዎች አንዱ አንተ ነበርህ። ሐሳብህንም አስታውሳለሁ፤ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ከዚያ ወዲያ የት ገባህ? ፕሮግራሙ ሲወጣ ካፌ ጥግ ቁጭ ብለህ «ይኸ የቡድን ሥራ ነው፣ የጓደኛሞች ነገር ነው» ስትል ሰምቼሃለሁ። እውነትህን ነው፤ የጓደኛሞች ነገር ነበር። ግን በሁለተኛው ስብሰባ አንተ ብትኖር ጓደኞቼ ሌሎች ይሆኑ ነበር። ሥልጣን ያለ አግባብ የያዘውን የምንወቅሰውን ያህል እስኪይዝ ድረስ ወንበሩን ለቅቆ የሄደውንም ብንወቅስ ምን ይለናል? «ተዉት፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» የሚለውን ቃል እኔ ብናገረውም የጻፋችሁልኝ እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ ስለ ደቦ። በየስብሰባው መክፈቻ አንዱ ተነሥቶ ድር ቢያብር ይላል፤ ሌላው ሃምሳ ሎሚን ያስታውሰናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑ እውነት ነው። ሎሚውን ማን መረጠው ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። ደቦ ስንወጣ ጉልበታችንን እንሰጣለን፤ እርሻው ግን የባለእርሻው ነው። ጤፍ ይዘራ ስንዴ፣ ጠዋት ይጀመር ከሰዓት፣ የሚወስነው እሱ ነው፤ ምርቱም የሱ ነው። ይህ ነውር የለበትም፤ ነገ የኔ እርሻ ላይ ደግሞ እሱ ይወጣል፣ ተራ አለ። በኛ ኮሚቴ ግን ባለእርሻው ሁልጊዜ አንድ ሰው ሲሆን ደቦኛው ሁልጊዜ ያው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። የጽዋ ማኅበር ያላቸው እናቶቻችን ከኛ ይሻላሉ። ሙሴ አላቸው፣ ሥርዓት አላቸው፤ ድግሱ ግን በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የደገሰችው ለተረኛዋ ጽዋውን አስረክባ ቁጭ ትላለች። ስታስረክብም ምን ያህል ጌሾ እንደገባ፣ ማን ምን እንደማይበላ ተናግራ ነው። እኔ ለሚቀጥለው ያስረከብኩት ነገር ቢኖር አንድ የታጠፈ ወረቀት ነው፤ እሱም ላይ ሻይ ፈሶበታል።

ስለ ሻይ ካነሣን አይቀር፣ ባለፈው ዓመት የሥራ ክፍፍል ብዬ የጻፍኩትን ዝርዝር ሰሞኑን አውጥቼ አየሁት። ምዝገባ፣ ሻይ፣ አዳራሽ ማስተካከል ከሚለው አንጻር የተጻፉት ስሞች ሁሉም የእኅቶቻችን ናቸው። ውይይት መሪ ከሚለው አንጻር ያሉት ሁሉም የወንድሞች ናቸው። እጅ ጽሕፈቱ የኔ ነው፤ መካድ አልችልም። ስለ እኩልነት ድርሰት ጽፌ ጥሩ ውጤት ያገኘሁትም በዚያው ወር ነበር።

መድረክ ላይ ማን ይውጣ የሚለው ደግሞ በዚህ አገር የተማሪ ታሪክ ውስጥ ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በቀድሞው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥም አንብቧል። ያን ዕለት ፕሮግራሙን የያዘው ሰው የታወቀ ስም ብቻ የሚፈልግ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ተማሪውን ከቀኑ መጨረሻ ከጥበቃው ቁልፍ ጋር ቢያስቀምጠው ኖሮ ስል አስቤ አውቃለሁ። የኛ ቀን ያን ያህል ከባድ ነገር አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ማን ያውቃል? ከባድ ይሁን ቀላል የሚታወቀው ከተነበበ በኋላ ነው።

የወንድማችን አንድ ክርክር ግን ቀርቷል፤ እሱ ከሁሉ የሚጠነክረው ነው። ብዙ ሰው የያዘው ሥራ ሲበላሽ ተጠያቂ አይገኝም ይላል። ልክ ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ሁላችንም እንሥራው ማለት ባዶ ጩኸት ነው። ትልልቆቹ ጉባዔዎች እንደሚያደርጉት በዘርፍ ይከፈል እላለሁ፤ ግጥሙን አንድ ሰው፣ ልብ ወለዱን አንድ፣ ትርጉሙን አንድ፣ የሥዕል ታሪኩንና ፊልሙን አንድ። እያንዳንዱ በዘርፉ ስም ያሰባስብ፣ የማያውቀውን ሰው ፈልጎ ያንብብ፣ ሲበላሽም ይጠየቅ። አራት ሰው አራት የተለያየ ካፌ ነው ሻይ የሚጠጣው፤ ቢያንስ ወዳጆቻቸው አንድ አይሆኑም። ሠንጠረዡን የሚገጥመው አምስተኛ ሰው ይሁንና ስም ከቦታ ቦታ ያንሣ እንጂ የመሰረዝ ሥልጣን አይኑረው። የዚህ ሰው ሥራ አሰልቺ ስለሆነ ማንም ሻይ አይጋብዘውም፤ ይህም ጥሩ ነው። ከነዚህ ሌላ ደብዳቤ የሚመልስ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ስሙን ለሰጠ ሁሉ እሺም ይሁን እንቢ መልስ ይድረሰው፤ ከሁሉም የሚያቆስለው እንቢታው ሳይሆን ዝምታው ነውና። ይህን ሥራ ደግሞ ለእኅቶች ብቻ እንዳትሰጡት፤ አውቃችኋለሁ።

ሰዓት አክባሪ ውይይት መሪም ያስፈልገናል፤ ወዳጁን በ20ኛው ደቂቃ «በቃህ» የሚል። ይህን ለማድረግ ደፋር ሰው ነው የሚያስፈልገው። እኔ አልነበርኩም።

ከ14ቱ ሣጥን ሁለቱ ደግሞ እስከ ዕለቱ ጠዋት ባዶ ይቆዩ። ሐሪሰን ኦወን የሚባል አሜሪካዊ አንድ ትልቅ ስብሰባ ለማዘጋጀት አንድ ዓመት ሙሉ ደክሞ ሲያበቃ ሰዎቹ ከሁሉ የወደዱት የቡና ዕረፍቱን መሆኑን አየ ይባላል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1985 ሁሉም ነገር እንደ ቡና ዕረፍት የሆነ ስብሰባ አደረገ፤ የመጣ ሰው ርዕሱን በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ የፈለገው ይከተለዋል፣ የሰለቸው በእግሩ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሙሉ ቀኑ እንዲህ ይሁን አልልም፤ ግጥም የሚያነብ ሰው መዘጋጃ ይፈልጋል። ሁለት ሣጥን ግን አይከብደንም። ቢበዛ ሁለቱም ባዶ ይቀሩና ሰው ሻይ ይጠጣባቸዋል።

ወንድማችን ይህን ሲያነብ ለስብሰባ ሱስ ያለበት ሰው ነው ብሎ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ። ይሳቅ። ደግሞም ይምጣ፤ ሠንጠረዥ መግጠም ይችላል፣ ከኔ ይበልጣል፣ አምስተኛውን ቦታ እንዲይዝ የማቀርበው እሱን ነው። እኔ በበኩሌ ዘንድሮ ብዕሩን አልይዝም። ወንበር እደረድራለሁ፣ ከተፈቀደልኝ ሻዩንም አፈላለሁ፤ ባለፈው ዓመት ስኳር አንሶት ነበር የተባለውን አልረሳሁም። ከዚህ ሌላ ለራሴ የወሰድኩት ሥራ አንድ ነው፤ የአንደኛ ዓመት ዶርሞችን እየዞርኩ የጣናን ታሪክ የጻፈውን ልጅ መፈለግ። እስካሁን ሁለት ሕንፃ ጨርሻለሁ። ለካ አሁን ሁለተኛ ዓመት ሆኗል! የተሳሳተ ሕንፃ ውስጥ ነበር የምዞረው።

14ቱ ባዶ ሣጥኖች ያሉበት ወረቀት ከላውንጁ በር በስተግራ፣ ከጠፉ መታወቂያዎች ማስታወቂያ አጠገብ ተለጥፏል። ሐሙስ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው እንሰበሰባለን። ዛሬ ጠዋት ሳየው ሦስት ሰው ጽፎበታል። ሁለቱን አነበብኩ፤ የሦስተኛው እጅ ጽሕፈት ግን አይነበብም፤ «ስለ ዝናብ» ይላል ወይስ «ስለ ዝናር»? የጻፈው ሰው እስከ ሐሙስ ቀርቦ ይንገረን።